ከወደቅኩ በኋላ ያነበብኩት ረጅም መጽሐፍ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘው ተማሪ ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። እኔ ከቀረነው ወገን ነበርኩ። በክፍል ውስጥ ከደረጃ ወጥቼ ስለማላውቅ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን እኔም ቤተሰቤም እንዳለቀ ነገር ነበር የምናየው። ያን ሳምንት እናቴ ምሳ አቅርባ ማንም ሳይነካው ታነሣው ነበር።

ዛሬ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በመካከሉ ብዙ ነገር አለፈ፤ ሁሉንም አልተርክም። አንዱን ብቻ ለይቼ ልጽፍ የተነሣሁት በዚያ ጊዜ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እንድነሣ ከረዱኝ ነገሮች ዋነኛው ከ50 ዓመት በላይ በፊት የታተመው የሀዲስ አለማየሁ የአማርኛ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። «ፈተና የወደቀ ልጅ ደግሞ ልብ ወለድ ያነባል?» የሚል ዘመድ አላጣሁም። ታናናሾቼ፣ እናንተም ይህን መስማታችሁ አይቀርም፤ የሆነውን ላጫውታችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

ስለ ውድቀቴ ብዙ ካሰላሰልኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር አለ። ጥያቄዎቹ ከበዱኝ ከምል ረዘሙብኝ ብል ወደ እውነቱ እቀርባለሁ። የእንግሊዝኛው ምንባብ አጋማሽ ላይ ስደርስ መነሻው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ተመልሼ እጀምራለሁ፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ታሪክና ጂኦግራፊ ላይም አራት መስመር የሚሆን ጥያቄ ሲመጣ ዓይኔ ጽሑፉን ዘሎ ምርጫዎቹ ላይ ያርፍ ነበር። ለዓመታት የተለማመድኩት ይህንን ነዋ! ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ሾርት ኖት፣ ከሾርት ኖቱም ይልቅ ያለፉ ዓመታት ጥያቄና መልስ። «ጉልት» (ከባላገር ግብር የመሰብሰብ መብት) ሲባል የትኛው ፊደል እንደሚከበብ አውቃለሁ፤ ባለጉልት ደጅ ሥር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። አማርኛን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ብንማረውም ለመግቢያ ፈተናው ስለማይቆጠር፣ ክፍለ ጊዜውን ለሌላ ትምህርት መለማመጃ እናደርገው ነበር። ከታላላቆቹ ልብ ወለዶች የምናውቀው ርዕሳቸውንና የደራሲውን ስም ነው፤ እርሱንም ለጥያቄና መልስ ውድድር ብለን።

ውጤቱ በተነገረ ሰሞን መጀመሪያ ያነሣኋቸው የማነቃቂያ መጻሕፍትን ነበር። ብዙ ሰው ይሰጠኝ ነበር፤ ከልብ አስበውልኝ ነው። ማታ ሳነባቸው ያሞቁኛል፣ ጠዋት ስነሣ ግን እዚያው ነኝ። «ትችያለሽ» የሚል ቃል ምን ያህል ቢደጋገም ረጅም ምንባብ መሐል ላይ የሚጠፋብኝን ሐሳብ አይመልስልኝም። ማነቃቂያ መጽሐፍ ይጠቅማል አይጠቅምም ብዬ ልከራከር አልፈልግም። የእኔ ችግር የፍላጎት ማነስ እንዳልነበረ ግን በኋላ ገብቶኛል፤ ከአንድ ነገር ጋር ረዘም አድርጎ የመቆየት ዐቅም ነበር ያጣሁት።

ከወደቅነው ለተመረጥን በዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እስኪጀመር ድረስ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከምትኖረው አክስቴ ጋር ተቀመጥኩ። አክስቴ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥልፍ ትጠልፋለች። መደበኛ ትምህርቷን ገና ልጅ ሳለች ነው ያቋረጠችው፤ ጽሑፍ ታነባለች፣ ግን ቶሎ ይደክማታል። ሥራዋ ላይ ስትሆን ሁልጊዜ የምትሰማው ነገር ነበር፦ ውጋየሁ ንጋቱ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር»። በልጅነቷ ጎረቤት ተሰብስቦ በኢትዮጵያ ሬድዮ የሰማችውን ትረካ አንድ ሰው በስልኳ ጭኖላታል። የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸው ባለታሪክ ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካና እጆቿን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። ሲጨርስ ነው ሥራው የሚቀጥለው። ቀጠሮ ያለው ቀሚስ እንኳ ቢሆን ያቺን ሰዓት አታጓድላትም።

ስልኳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አልነበሩም። አንድ ቀን «ይሄ በዛብህ የሚሉት ልጅ ከየት እንደመጣ፣ እናትና አባቱ እንዴት እንደተገናኙ ድሮ ሰምቼ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። እስቲ መጽሐፉን ፈልገሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ሥራ የለኝም። መንገድ ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጥ ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ገዛሁ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሳየው ሆዴ ባባ።

ለውጡ የጀመረው በዚያ ንባብ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብዬ ስጀምር በልማዴ ሮጥኩ። አክስቴ ወዲያው አስቆመችኝ፤ «ቀስ በይ እንጂ! ማን እንደተናገረ እኮ ጠፋኝ» አለች። ልነግራት ወደ ገጹ ስመለከት ለካ እኔም አላወቅኩም። ዓይኔ መስመሮቹን አልፏቸዋል፣ አፌ ቃላቱን ጠርቷቸዋል፣ የተናገረውን ሰው ግን አልያዝኩትም። ፈተናው ላይ የሆነው ነገር በሙሉ በዚያች ቅጽበት ፍንትው ብሎ ታየኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሀዲስ አለማየሁ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ አንዱ ሐሳብ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ መጨረሻ ላይ ነው ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው። የት መተንፈስ እንዳለብኝ ካላወቅኩ ትርጉሙ ይበተናል። አክስቴ መጽሐፉን ሳታይ በጆሮዋ ብቻ «እዚህ ጋ አትቁሚ፣ አላለቀም» ትለኝ ነበር።

ለዚህ ነው የመጀመሪያ ምክሬ ከሌሎች ሁሉ የሚቀድመው፦ ረጅም ልብ ወለድ ስትጀምሩ ለሰው አንብቡ። ለእናታችሁ፣ ለአያታችሁ፣ ለታናሽ ወንድማችሁ፣ ማን እንደሆነ ለውጥ የለውም። የሚሰማ ሰው ካለ ሳይገባችሁ ማለፍ አትችሉም። ሰው ባይኖር እንኳ ብቻችሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትረካም ካገኛችሁ መጽሐፉን ገልጣችሁ እየተከታተላችሁ ስሙት። ጥሩ ተራኪ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚታጠፍ ያሳያችኋል።

ሁለተኛው ደግሞ መግቢያው ላይ የሚሆነው ነው። ብዙ ተማሪ ይህን መጽሐፍ የሚተወው መጀመሪያ አካባቢ ነው። ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ሰምቶ ይገባና ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ የማንኩሳ ባልና ሚስት ታሪክ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። «ዋናው ታሪክ የት አለ?» ይላል። እኔም ብቻዬን ባነበው ኖሮ እተወው ነበር። ግን ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት የተሳሉት ስለት እዚያ ነው ያለው። በዛብህ ዲማ ሄዶ ቅኔ የሚማረው፣ በኋላ ሰብለን ሲወድ ልቡ ለሁለት የሚከፈለው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በዚያ ስለት ነው። ያንን የዘለለ አንባቢ ቀሪውን መጽሐፍ ቢጨርሰውም ልጁ ለምን እንደሚፈራ አይገባውም። ትዕግሥት ማለት ምን እንደሆነ በምክር ሳይሆን በተግባር ያየሁት እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰልችቶኝ የነበረው ነገር ከብዙ ገጾች በኋላ ዋጋው ይከፈላል።

እያነበብን ስንሄድ አክስቴ አንድ ልማድ አወጣች። የዕለቱ ንባብ ሲያልቅ መጽሐፉን ታስዘጋኝና «እሺ፣ ፊታውራሪ ዛሬ ለምን ተቆጡ?» ትለኛለች፤ ባላባቱን የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ማለቷ ነው። «ምን ሆነ» አትልም፣ «ለምን» ነው የምትለው። መመለስ ሲያቅተኝ ማታ ደብተር አውጥቼ በራሴ ቃል አንድ አንቀጽ መጻፍ ጀመርኩ፤ ማን ምን አደረገ፣ ምን ፈልጎ፣ ከዚያ በፊት ምን ስለሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጻፍኩት የተቆራረጠ ነበር። ከጊዜ በኋላ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ቢሆንም» የሚሉት ቃላት በቦታቸው መግባት ጀመሩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምጽፋቸው ረጃጅም መልሶች መሠረታቸው ያ ደብተር ነው። እናንተም ሞክሩት፤ መጽሐፉን ዝጉና ጻፉ። ገልጣችሁ ከጻፋችሁ መገልበጥ ነው።

ስለ ታሪክ ትምህርት ደግሞ ልንገራችሁ። ርስት፣ ጉልት፣ ገባር የሚሉትን ቃላት በትርጉማቸው ሸምድጄ ነበር። ልብ ወለዱ ውስጥ ግን ፊታውራሪ መሸሻ በየበዓሉ የሚመጣላቸውን ነገር ባላገሩ «አናመጣም» ሲላቸው አየሁ። ነገሩ ለእርሳቸው የሙክት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ክብራቸው ነው፣ የአባቶቻቸው ስም ነው፣ የዓለም ሥርዓት የተናጋ ነው የሚመስላቸው። በራሳቸው ባላገር ላይ ለዘመቻ ይነሣሉ። በአበጀ በለው የሚመራው ገበሬም አይንበረከክላቸውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ታሪክ መጽሐፌ ስመለስ ያ ደረቅ ትርጉም ፊት አውጥቶ ቆየኝ።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቶቹን አስተያየሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958። አብዮቱ በ1966 ፈነዳ፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ታወጀ። እነዚህን ቁጥሮች በተናጠል አውቃቸው ነበር፤ አንድ ላይ አስቀምጬአቸው ግን አላውቅም። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርኮ ጣሊያን አገር ታስሮ የነበረ፣ በኋላም በትልልቅ የመንግሥት ሥልጣን ላይ የሠራ ሰው ነው። ሥርዓቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው፣ ሥርዓቱ ገና ቆሞ ሳለ፣ ጉዱ ካሳን የመሰለ ሰው ፈጥሮ አናገረው። ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ የሚገባችሁ ዘመኑን ስታውቁ ነው፤ ዘመኑም በደንብ የሚገባችሁ መጽሐፉን ስታነቡ ነው። ታሪክን ለፈተና የምታጠኑ ልጆች፣ አንድ ክፍለ ዘመን ሲሰለቻችሁ በዚያ ዘመን ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ፈልጉና ጎን ለጎን ያዙት። ልብ ወለዱ የታሪክ ማስረጃ ነው እያልኩ አይደለም፤ ደራሲ ይፈጥራል። የታሪክ መጽሐፉ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሰው ይሸታል።

የማይታወቁ ቃላት ጉዳይ ብዙዎቻችሁን እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። ከተማ ላደገ ልጅ የቤተ ክህነቱ፣ የግብሩ፣ የእርሻው ቃል አዲስ ነው። በእያንዳንዱ ቃል ላይ አትቁሙ። በእርሳስ ምልክት አድርጉና እለፉ፤ ግማሹ ከዐውዱ ይፈታል። የቀረውን ትልቅ ሰው ጠይቁ። እኔ ከአያቴ ጋር ያለኝ ወግ ከዚያ በፊት «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ከሚለው አያልፍም ነበር። «ዳዊት መድገም»፣ «ምስለኔ»፣ «ጭሰኛ» የሚሉትን ይዤ ስሄድ የራሳቸው አባት ጭሰኛ እንደነበሩ ነገሩኝ። ቤተሰባችን ውስጥ ማንም ይህን አንሥቶት አያውቅም።

የአቅም ማሻሻያው ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉን ይዤ ዶርም ገባሁ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ሒሳብ ላይ ልብ ወለድ ምንም አልረዳኝም። ለሒሳብ የሚያስተምረኝ ሰው ፈልጌ ሌሊት ሌሊት ጥያቄ ሠርቼ ነው ያለፍኩት። ልብ ወለድ ሁሉን ያድናል የሚላችሁ ካለ አትመኑት። እንግሊዝኛ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን በግልጽ ይታየኝ ነበር። የእንግሊዝኛ ቃላት ብዛቴ በአንድ ጊዜ አልጨመረም፤ ከረጅም አንቀጽ መሸሽ ነው የተውኩት። የአክስቴን ጥያቄ እዚያም ይዤው ገባሁ። ማን ነው የሚናገረው? ለምን? እስካሁን ምን አለ? ምርጫዎቹን ሳላይ ይህን ካልመለስኩ ወደ ታች አልወርድም ነበር።

ወደ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ለመሻገር የምትፈልጉ ከወፍራሞቹ አትጀምሩ። እኔን ያሻገረኝ የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ቀጭን፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ንጹሕ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ሰዎቹ እንደ እኛ አገር ሽማግሌ በተረትና ምሳሌ ይናገራሉ። ዋናውን ባለታሪክ ኦኮንኮን ሳነብ ፊታውራሪ መሸሻ ትዝ አሉኝ። አንዱ በኢግቦ መንደር፣ አንዱ በጎጃም፤ ሁለቱም ደካማ መስሎ ላለመታየት ሲሉ የሚወዱትን ሰው ይጎዳሉ። ይህን ንጽጽር ለእንግሊዝኛ መምህሬ ስጽፍላቸው ክፍል ውስጥ አስነበቡኝ። ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ፍርሃት። ከማጠቃለያ ጽሑፍ ይህን ማንም አያገኝም።

ስለ ማጠቃለያ ካነሣሁ አይቀር በቴሌግራም የሚዞሩትን የሦስት ገጽ ጭማቂዎች ተዉአቸው። መጨረሻው ይነገራችኋል፣ ደራሲው ያስተላለፈው መልእክት በነጥብ ይዘረዘራል፣ እናንተም ያነበባችሁ ይመስላችኋል። የልብ ወለድ ጥቅሙ መንገዱ ላይ ነው ያለው። ጉዱ ካሳ ምን እንዳለ በአንድ መስመር ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ምዕራፍ አብራችሁት ስትቆዩ፣ ዘመዶቹ ሲስቁበት፣ በዛብህ ደግሞ እየፈራ ሲሰማው ስታዩ ንግግሩ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። የእኛ ትውልድ ያጣው ያንን አብሮ መቆየት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ስልክን በተመለከተ አጭር ነገር፦ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ጎናችሁ ተገልብጦ መቀመጡ አይበቃም።

ዶርም ውስጥ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከተለያየ ክልል የመጣን ልጆች ነበርን። አንዷ «ይህ የጎጃም ባላባት ታሪክ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ብላ ጀመረች። ስትጨርስ ግን ሰብለ ወንጌል ላይ ከሁላችንም በላይ የተናደደችው እርሷ ናት። ወላጆቿ «ለዘራችን የሚመጥን አልመጣም» እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ የሚሄድባት ልጅ ለእርሷ እንግዳ አልነበረችም፤ የአክስቷ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። እርሷው ሌላ ነገርም አነሣች፦ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ የሚያገለግሉት ሰዎች ለምንድን ነው ድምፃቸው ብዙ የማይሰማው? መልስ አልነበረንም። ግን መጽሐፍን መውደድ ማለት መስማማት ማለት እንዳልሆነ በዚያ ምሽት ተማርን። ነባር ልብ ወለድ በአክብሮት የሚቀመጥ የግድግዳ ሥዕል አይደለም። ጠይቁት፣ ተከራከሩት፤ በደንብ የተጻፈ ከሆነ ይቋቋማል።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ ያነበብነው ደግሞ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ነበር። በ1962 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው። አበራ ወርቁ የቢሮ ሥራውን ይዞ ሠዓሊ መሆን ይመኛል፤ ቤተሰቡ ደግሞ የተከበረ ደመወዝተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። ያን ሰሞን ዶርማችን ውስጥ ስልክ ላይ ከአባቷ ጋር ስለ ምርጫዋ የማትጨቃጨቅ ልጅ አልነበረችም። አበራ ትክክል ነው የሚሉና አይደለም የሚሉ ተከፋፈሉ። ስለ ራሳችን በቀጥታ ለመናገር የምናፍረውን ሁሉ በእርሱ ስም ተናገርነው። አንዷ ከአባቷ ጋር እንዴት እንደምትነጋገር ያቀደችው በዚያ ክርክር ላይ ነው። እኔም ሕግ የመረጥኩት የሰው ነገር፣ የክርክር ነገር፣ ረጅም ጽሑፍ እንደማያስፈራኝ በማወቄ ነው። አሁን የሰበር ችሎት ውሳኔ ሲሰጠን ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ፤ ማን ምን ጠየቀ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ለምን እንዲህ አለ። ብዙ የክፍል ጓደኞቼ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይሄዳሉ። ለፈተና ሲቀመጡ ምክንያቱን ያጡታል።

ጊዜ የለንም ለምትሉ አንድ ታሪክ ልጨምር። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የአሜሪካዊቷን ማርጋሬት ሚቼል ግዙፍ ልብ ወለድ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። ነገ ምን እንደሚገጥማቸው የማያውቁ እስረኞች መካከል ሆኖ ስለ ሌላ አገር ጦርነትና ስለ አንዲት ግትር ሴት በቁርጥራጭ ወረቀት ይጽፍ ነበር። ይህን የነገሩኝ ሰፈራችን ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በወደቅኩበት ሰሞን። ያኔ ነገሩን እንደ ተረት ሰማሁት። አሁን ግን ሰው በጨነቀው ጊዜ ለምን ረጅም ታሪክ እንደሚፈልግ የተረዳሁ ይመስለኛል። አጭሩ ነገር ቶሎ ያልቅና መልሶ ከራስ ጭንቀት ጋር ብቻ ይተዋል።

በምን እንጀምር ለሚሉ የእኔን ሐሳብ ልስጥ። በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አትጀምሩ። ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን አጻጻፉ ለጀማሪ ከባድ ስለሆነ ልባችሁን ሊሰብረው ይችላል። ጥቂት ካነበባችሁ በኋላ ተመለሱበት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉት፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ አጭር ነው፣ ቋንቋው ግን የጥንት ስለሆነ ከትልቅ ሰው ጋር ብታነቡት ይሻላል። ለከተማ ልጅ ቀላሉ በር «ከአድማስ ባሻገር» ነው ብዬ አስባለሁ። ጆሮው ለትረካ የተከፈተ ልጅ ግን እንደ እኔ በቀጥታ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢገባ አይቆጭም። መግዣ ከሌላችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም የትምህርት ቤታችሁን መደርደሪያ ፈትሹ፤ አቧራ ለብሶ አንድ ቅጂ አይጠፋም።

መምህራንንም አንድ ነገር ልለምን። «ደራሲው ማን ነው? መቼ ታተመ?» የሚል ጥያቄ ማንንም አንባቢ አላደረገም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ተራ በተራ ጮክ ብለው ቢያነቡና «ለምን?» ተብለው ቢጠየቁ ይበቃል። ወላጆችም ልጃችሁ ልብ ወለድ ይዞ ስታዩት «ጥናትህን ተውከው እንዴ?» አትበሉት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እስቲ ጮክ በልልኝ» በሉት።

ታናሽ ወንድሜ አሁን 11ኛ ክፍል ነው። በበዓል ስሄድ እናነባለን፤ ሳልኖር ለእናታችን ያነብላታል። ስለቱ ያለበትን ክፍል ሳይዘል ጨርሶታል፤ በዛብህ ፊታውራሪ ቤት ሰብለን ሊያስተምር የገባበት ላይ ደርሷል። ባለፈው ሲደውልልኝ ስለ ጉዱ ካሳ ተጣላን፤ እርሱ «ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ሰው በሚሰማው መንገድ አይናገርም?» ይላል፣ እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሚሰማበት መንገድ አልነበረም እላለሁ። እናታችን ከበስተጀርባ የወንድሜን ወገን ይዛ ስትናገር ይሰማኝ ነበር።